ለስድስት ቅርንጫፍ የሚሆን የካሜራና የኔትወርክ ገጣሚ እንዴት ይመረጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ እኔ ደሴ ላይ የቤትና የወጥ ቤት ዕቃ አከፋፋይ ነኝ። በከተማው ውስጥ ፒያሳና ሰኞ ገበያ ሁለት ሱቅ፣ ኮምቦልቻ መጋዘንና መሸጫ፣ በሐይቅ፣ በባቲና በወልዲያ ደግሞ አንዳንድ ሱቅ አለኝ። እስካሁን የየቦታውን ሽያጭ የምንሰማው ማታ ማታ በስልክ ነው፤ የዕቃ ጉድለት የሚታወቀውም በወር መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ ነው። ስለዚህ በስድስቱም ቦታ ካሜራ፣ ኔትወርክና ሽያጩን ከመጋዘኑ ጋር የሚያገናኝ ሲስተም ለማስገጠም ወስኛለሁ። ሁለት ፕሮፎርማ ደርሶኛል። አንደኛው መቀመጫውን አዲስ አበባ ካደረገ ድርጅት ነው። ሁለተኛው እዚሁ ደሴ ሥራ ከጀመሩ ወጣቶች የመጣ ሲሆን ዋጋቸው ከአዲስ አበባው በሲሶ ያንሳል። ወንድሜ በበኩሉ ካሜራውን ለአንዱ፣ ኔትወርኩን ለሌላው፣ ሶፍትዌሩን ለሦስተኛው ከፋፍለን ብንሰጥ ይበልጥ እናተርፋለን ይላል። ማንን ብመርጥ ይሻለኛል? የፕሮፎርማዎቹን ቅጂ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ።

የስድስት ቦታ ነጋዴ፣ ከደሴ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የላኩልንን ሁለት ፕሮፎርማዎች ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኳቸው። ማን ይረክሳል ብሎ ከመጠየቅ በፊት ሁለቱ ስለ አንድ ሥራ ነው ወይ የጻፉት ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። እንዳየሁት ከሆነ አይደለም።

ከታክሱ እንጀምር። የአዲስ አበባው ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ጨምሮ የተጻፈ ነው፤ የደሴዎቹ ግን ስለ ታክስ ያሉት ነገር የለም። የመጀመሪያው ዋጋ 100 ብር ነው ብንል ከእሱ ውስጥ 13 ብር ያህሉ ታክስ ነው። እርስዎን ያጓጓው የ33 ብር ልዩነት ታክሱ ሲወጣለት ወደ 20 ብር ይወርዳል። እርስዎ የታክሱ ተመዝጋቢ ከሆኑ ደግሞ የከፈሉት ታክስ ከሚሰበስቡት ላይ ስለሚቀነስልዎ፣ ደረሰኝ የማይቆርጥ አቅራቢ በወረቀት ላይ የረከሰውን ያህል በኪስዎ ላይረክስ ይችላል።

ሁለተኛው ልዩነት ካሜራው የሚቀዳበት ሃርድ ዲስክ ነው። ሁለቱም በየሱቁ ስምንት ካሜራ ብለዋል፤ አንደኛው ግን 8 ቴራባይት፣ ሌላው 2 ቴራባይት ዲስክ ጽፏል። አንድ ጥሩ ምስል የሚያነሣ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ በቀን 43 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ ስምንቱ አንድ ላይ በቀን ወደ 345 ጊጋባይት ይሆናሉ (አንድ ቴራባይት 1,000 ጊጋባይት ነው)። በዚህ ሒሳብ 2 ቴራባይት ዲስክ ስድስት ቀን ሳይሞላው ያልቅና የቆየውን እያጠፋ በላዩ መቅዳት ይጀምራል። የእርስዎ ጉድለት የሚታወቀው ደግሞ በወር መጨረሻ ነው! ምስሉን ይበልጥ በሚያጨምቀውና ኤች 265 በሚባለው አቀዳድ የሚላከውን በግማሽ ቢቀንሱት እንኳ፣ ለ30 ቀን ከ5 ቴራባይት ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከዋጋው ልዩነት ከፊሉ የአንደኛውን መርከስ ሳይሆን የዕቃውን ማነስ ነው የሚያሳየው። ወጣቶቹ ሆን ብለው አድርገውታል ለማለት አልደፍርም፤ ስንት ቀን እንዲቀመጥ እንደሚፈልጉ የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

መድኃኒቱ ዝርዝሩን እርስዎ ጽፈው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወረቀት መስጠት ነው። በየቦታው ስንት ካሜራ እንደሚገጠምና የትኛውን በር እንደሚያይ፣ ምስሉ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ስንት መሸጫ ኮምፒውተር እንደሚኖር፣ መብራት ሲጠፋ ለስንት ሰዓት መሥራት እንዳለበት ይስፈር። ዋጋውም በጥቅል ሳይሆን በእያንዳንዱ ዕቃ ብዛትና ነጠላ ዋጋ፣ የእጅ ሥራውም ለብቻው ተጽፎ ይምጣ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ አንድ ቦታ የማይረጋ ስለሆነ፣ ዋጋው ሲከለስ የትኛው ዕቃ እንደጨመረ ማወቅ የሚቻለው ዝርዝሩ ካለ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የዝግጅት ጉዳይ ነው። ቅርንጫፍ ለበዛበት ሰው ዋናው ጥያቄ ሥራው ከተረከበ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ሲበላሽ ማን ይደርስልኛል?

አንድ ሱቅ ብቻ ያለው ሰው ገጣሚው ባይመጣለት ጎረቤት ያለ ባለሙያ ይጠራል። የእርስዎ ስድስት ቦታዎች ግን ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ፣ ከደሴ በሐይቅ በኩል 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወልዲያ፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ባቲ የተዘረጉ ናቸው። የባቲ ትልቁ ገበያ የሚውለው ሰኞ ነው። እሑድ ማታ የተበላሸ ሲስተም ማክሰኞ ቢጠገን በወረቀት ላይ “በሁለት ቀን ተጠገነ” ይባላል፤ ለባቲው ሱቅዎ ግን ሳምንቱ ሙሉ ሄደ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ የሚነሣ ባለሙያ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሰኞን ገበያ አያድንልዎትም።

ከዓመታት በፊት ሒሳብ እሠራበት የነበረ አንድ ድርጅት ስሙን የማልጠራው አቅራቢ በአምስት ቅርንጫፎች ላይ ኔትወርክ ገጥሞለት ነበር። ርክክቡ በፌሽታ ተደረገ። በስምንተኛው ወር የወልዲያው ስዊች (የኔትወርኩን ገመዶች የሚያገናኘው ሣጥን) ሲቃጠል አቅራቢው ባለሙያ እስኪልክ መጠበቅ ያልቻለው የቅርንጫፉ ኃላፊ፣ ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሚኒባስ ደሴ ድረስ ይዞት መጣ። ደሴ ላይ መለዋወጫ ስዊች ቢገኝም አሠራሩ ሌላ ሆነ፤ ለካ አቅራቢው በየቅርንጫፉ በእጁ የገባለትን የተለያየ ሥሪት ነበር የገጠመው። ያን ዕለት የተማርኩት፣ በብዙ ቦታ የሚገጠም ዕቃ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መሆን እንዳለበትና ለመለዋወጫም ቢያንስ አንድ ስዊች፣ አንድ ራውተር፣ ሁለት ካሜራና አንድ ሃርድ ዲስክ ከመጀመሪያው ተገዝቶ በኮምቦልቻው መጋዘን ዓይነት ቦታ መቀመጥ እንዳለበት ነው።

ስለዚህ ከሁለቱም አቅራቢዎች ለየቦታው የተለየ የመድረሻ ሰዓት በጽሑፍ ይጠይቁ። ለደሴና ለኮምቦልቻ በዚያው ቀን፣ ለሐይቅና ለባቲ በማግስቱ፣ ለወልዲያ በሁለት ቀን ቢባል አይከፋም፤ ለባቲ ግን እሑድና ሰኞ በልዩ ሁኔታ ይጻፍ። የአዲስ አበባው ድርጅት “ደሴ ላይ ወኪል አለን” ቢልዎ ወኪሉ ማን እንደሆነ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ነው ወይስ ሲደወልለት በየጉዞው የሚዋዋል፣ መለዋወጫ በእጁ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ሰውየውን ራሱን ሳያነጋግሩም አይፈርሙ። ለደሴዎቹም እኩል የሚከብድ ጥያቄ አለ፤ ስንት ናችሁ? ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆኑ፣ አንዱ ወልዲያ ሳለ ኮምቦልቻ ቢበላሽ፣ ሌላውም ቢታመም ማን ይመጣል?

የቀድሞ ደንበኞቻቸውን ማነጋገር የተለመደ ምክር ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚያነጋግረው አቅራቢው የመረጠለትን፣ ሥራው ባለፈው ወር ያለቀለትንና ገና የደስታው ትኩሳት ያልበረደለትን ደንበኛ ነው። እርስዎ ሥራው ሁለት ዓመት የሞላውንና ከአንድ በላይ ቅርንጫፍ ያለውን ይጠይቁ። ከተቻለዎት ከዋናው ቢሮ የሚርቀውን ቅርንጫፍ ሄደው ይዩ። ባለቤቱን ሳይሆን ገንዘብ ተቀባይዋን “እህቴ፣ ሲበላሽባችሁ ስንት ቀን ፈጀ?” ብለው ቢጠይቋት እውነቱን ያገኙታል።

የወንድምዎ ሐሳብ ለግዢ ዋጋ ያዋጣል፤ ለጥገና ግን መከራ ነው። ምስሉ ሲቋረጥ የካሜራው ሰው በኔትወርኩ፣ የኔትወርኩ ሰው በመብራቱ፣ የሶፍትዌሩ ሰው በሁለቱም ሲያላክኩ እርስዎ በመካከል የትኛውን እንደሚከሱ ሳያውቁ ይቀራሉ። አንድ ተጠያቂ ይኑርዎት፤ እሱ ከሥሩ ሌላ ባለሙያ ቢቀጥር የራሱ ጉዳይ ነው። ከዚህ ምክር ውጭ የማደርገው የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን ብቻ ነው። ማሽኑ በደንብ ቁጥር 139/1999 የሚገዛ፣ ዕውቅና ባለው አቅራቢ ብቻ የሚሸጥና የሚጠገን ስለሆነ፣ የካሜራ ገጣሚ “እኔ አያይዘዋለሁ” ብሎ ክዳኑን እንዲከፍተው ፈጽሞ አይፍቀዱ። አዲሱ ሶፍትዌር ከማሽኑ ጋር የሚገናኝ ከሆነም ከመግዛትዎ በፊት ከግብር ጽሕፈት ቤትዎ ጋር ይነጋገሩበት።

አሁን ወደ ቦታዎቹ ልመለስ። ከሁለቱ አንዳቸውም ባቲን ወይም ወልዲያን ሄደው እንዳላዩ ከወረቀቶቻቸው መረዳት ይቻላል፤ ለስድስቱም ቦታ “ኬብል 300 ሜትር” ብለው እኩል መጻፋቸው ያሳብቃል። ቦታውን ሳያይ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ወይ አብዝቶ ያስከፍላል ወይ መሀል ላይ “ይህ አልታሰበም ነበር” ይላል። ቦታዎችዎ ደግሞ እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ደሴ በጦሳ ግርጌ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ክረምቷ መብረቅ የሚያበዛባት ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ባቲ ደግሞ ሙቀትና አቧራ ነው። በደሴ የመሬት መስመሩ (ትርፍ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) በትክክል መሠራቱን ገጣሚው በመሣሪያ ለክቶ ያሳይዎት። ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሕንፃ የሚሻገር መስመር ካለም በመዳብ ሳይሆን በፋይበር (መልእክቱን በብርሃን በሚያስተላልፍ ገመድ) ይሁን፤ መብረቅ በመዳቡ ገብቶ የሁለቱንም ሕንፃ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላልና። በባቲ ዕቃዎቹ የሚቀመጡበት ሣጥን አየር የሚያገኝና በየጊዜው የሚጸዳ መሆን አለበት።

ስለ ጄኔሬተርም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ያጣል። በዚህ ስሌት በቆርቆሮው ላይ 5 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ጄኔሬተር ደሴ ላይ ከሩብ በላዩን አጥቶ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ብቻ ይሰጣል። ለፒያሳው ሱቅ የተሰላውን ጄኔሬተር መጠን አቅራቢው በዚህ ሒሳብ አስልቶት እንደሆነ ቢጠይቁት፣ መልሱ ስለ ባለሙያነቱ ብዙ ይነግርዎታል።

ሙከራውን በአንድ ሱቅ እንዲጀምሩ ማንም ይመክርዎታል፤ አብዛኛውም ሰው ከሚቀርበው ከፒያሳው ይጀምራል። እኔ ከባቲ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ሙቀቱን፣ የመብራቱን መቆራረጥና የሰኞውን ግርግር የቻለ ሲስተም ፒያሳ ላይ አይቸገርም። ለአንድ ወር ይሥራ። በመካከሉም ገጣሚው በተገኘበት የኢንተርኔቱን ገመድ በእጅዎ ይንቀሉትና ገንዘብ ተቀባዩ ሽያጩን መቀጠል ይችል እንደሆነ፣ መስመሩ ሲመለስም የተሸጠው ሁሉ በመጋዘኑ መዝገብ ላይ ይገባ እንደሆነ ይመልከቱ። መስመር በጠፋ ቁጥር የሚቆም ሶፍትዌር ለእርስዎ አይሆንም። ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ሁለቱም በሚደርሱበት ቦታ አንዱን ዋና፣ ሌላውን መጠባበቂያ ማድረግ ይቻላል፤ ያም ሆኖ ሲስተሙ ያለ መስመር ለሰዓታት መቆየት መቻል አለበት። የሒሳቡ ቅጂ ደግሞ በየማታው ከከተማው ውጭ ወዳለ ሌላ ቦታ ይላክ። የዚህን አስፈላጊነት ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴ ማስረዳት አያሻኝም፤ በጦርነት ያሳለፍነውን የ2014 ዓ.ም. ኅዳር ሁላችንም እናስታውሰዋለን።

ክፍያውን በተመለከተ፣ አቅራቢው ዕቃ የሚገዛበት ቅድሚያ ክፍያ መጠየቁ ተገቢ ነው። ለቅድሚያው የባንክ ዋስትና ያምጣ፤ ወጣቶቹ ይህን ካልቻሉ ዕቃውን እርስዎ በስምዎ በደረሰኝ ገዝተው እነሱ የእጅ ሥራውን ብቻ ይሥሩ። እንዲያውም የዕቃው ዋስትና በእርስዎ ስም ስለሚሆን ይህ ይሻላል እላለሁ። የቀረው በየቅርንጫፉ ርክክብ ይከፈል፤ ከጠቅላላው 10 በመቶው ግን ስድስተኛው ቦታ ተረክቦ ክረምቱ እስኪያልፍ በእጅዎ ይቆይ። ውሉ በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች የመቀጫ ገንዘብ አስቀድመው እንዲወስኑ ስለሚፈቅድ፣ ባለሙያው በተባለው ሰዓት ሳይደርስ ለቀረበት ለእያንዳንዱ ቀን የሚቀነሰው ይጻፍ።

ማንን ልምረጥ ላሉት፣ እኔ ወደ ደሴዎቹ አደላለሁ፤ ነገር ግን አሁን በያዙት ፕሮፎርማ አይደለም። ስድስቱን ቦታ አይተው፣ በእርስዎ ዝርዝር ላይ እንደገና ዋጋ ሰጥተው፣ ቢያንስ አራት ባለሙያ እንዳላቸውና ሁለት ዓመት የቆየ ሥራ እንዳላቸው ካሳዩ፣ ዋጋቸው አሁን ካለው ቢጨምርም ለእነሱ ይስጡ። ይህን ማሳየት ካልቻሉ ወደ አዲስ አበባው ይሂዱ፤ ደሴ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ስም ግን በውሉ ላይ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የሚገኝ፣ ሁለት ቅርንጫፎች ያሉት የግል ክሊኒክ አስተዳዳሪ ነኝ። ካሜራና ኔትወርክ የገጠመልን ባለሙያ ሙሉ ክፍያውን ወስዷል፤ የይለፍ ቃሉን ግን “እንዳታበላሹት” ብሎ በእጁ ይዞታል። ለጥቃቅን ለውጥ ሁሉ እየተጠራ ያስከፍለናል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሥጋ ሰጥቶ ቢላ መንሳት ማለት ይኸው ነው። ዕቃው የእናንተ ነው፤ ዋናው የይለፍ ቃልም የዕቃው አካል ነው። በመጀመሪያ በደብዳቤ፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲያስረክብ ይጠይቁት፤ የደብዳቤው ቅጂ ይኑርዎት። እምቢ ካለ ሌላ ባለሙያ ቀጥረው ዕቃዎቹን ወደ ፋብሪካ አቋማቸው መልሶ እንደ አዲስ ማስተካከል ይቻላል። አብዛኛው ራውተርና ስዊች በአንድ ቁልፍ ይመለሳል፤ በአንዳንድ የካሜራ መቅጃ ላይ ግን የአምራቹ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ የግዢውን ደረሰኝ ያዘጋጁ። ከዚያ በፊት የምትፈልጉትን ምስል ወደ ሌላ ዲስክ ያስቀዱ።

እናንተ ክሊኒክ ናችሁና ጉዳዩ ከገንዘብ ያልፋል። ያ ሰው የይለፍ ቃሉን እስከያዘ ድረስ ማን ማን ለሕክምና እንደገባ ከቤቱ ሆኖ ሊያይ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን ምስልና መረጃ የሚይዝ ድርጅት ኃላፊነት አለበት፤ “ገጣሚው ነው ያየው” ማለት አያድናችሁም። ለወደፊቱ ከመጨረሻው ክፍያ በፊት የኬብል መስመሮቹ ንድፍ፣ የየዕቃው መለያ ቁጥርና የይለፍ ቃሎቹ በታሸገ ፖስታ ይረከቡ፤ ፖስታው ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ገጣሚው ለጥገና የሚገባበት የራሱ መግቢያ ይኑረው፤ ሲሰናበት እሱን ብቻ መዝጋት ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ለመጋዘናችን ኔትወርክ የሚዘረጋው አቅራቢ ያመጣው ኬብል ካርቶኑ ላይ ካቴጎሪ 6 ይላል፤ ዋጋው ግን ከሌላው በግማሽ ያንሳል። ልዩነቱን በዓይን መለየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ከጫፉ ቆርጠው አንዷን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ይፋቁ። እስከ ውስጧ ቀይ ከሆነች መዳብ ናት፤ ከላይ ቀይ ሆና ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ነጋዴዎች ሲሲኤ የሚሉት። ካርቶኑን ሲያነሡት መቅለሉም ያስታውቃል። አሉሚኒየም ከመዳብ ይልቅ ኤሌክትሪክን 1.6 እጥፍ ያህል ይቋቋማል፤ ስለዚህ ካሜራው መብራቱን በዚያው ኬብል የሚያገኝ ከሆነ ረጅም መስመር ላይ ያለው ማታ ማታ የሌሊት መብራቱ ሲበራ እየጠፋ ይመለሳል፣ ኬብሉም ይሞቃል። ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። የመዳቡም ቢሆን ከስዊቹ እስከ ካሜራው ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ መጋዘናችሁ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ መካከል ላይ ሌላ ስዊች ወይም ፋይበር ያስፈልጋል። ኬብሉ አሉሚኒየም ሆኖ ከተገኘ ግድግዳ ውስጥ ሳይገባ ዛሬውኑ ያስመልሱት።